የመድኃኒት ችርቻሮ፦ ዲግሪ ወይስ ደረጃ?

በመድኃኒት ችርቻሮ ለመሠማራት ያሰበ ነጋዴ መጀመሪያ የሚያሰላው የቤት ኪራይና የጅምላ ዋጋ ነው። የሱቁን ዓይነት የሚቆርጠው ግን ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው የባለሙያው ማስረጃ ነው።

ፋርማሲ ለመክፈት ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ፋርማሲስት በኃላፊነት መመደብ አለበት። በተለምዶ ድራጊስት የሚባለው፣ ቀድሞ በዲፕሎማ ኋላም በደረጃ የሠለጠነው ባለሙያ የሚመራው መድኃኒት መደብርን ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም፤ መደብሩ እንዲይዝ የሚፈቀድለት የመድኃኒት ዓይነት ከፋርማሲው ያነሰ ነው። ማዘዣ የያዘ ደንበኛ «የለም» ተብሎ ሲመለስ ሽያጩም አብሮት ይሄዳል።

ለድራጊስት የሚከፈለው ደመወዝ አነስ ይላል። ፋርማሲስት ሲለቅ ደግሞ ምትክ እስኪገኝ ጭንቅ ነው። አንዳንዱ ፈቃዱን ብቻ ተከራይቶ ሌላ ሰው ያሠራል፤ ሕገወጥ ነው፣ ቁጥጥር የመጣ ቀን የሚታሸገው የባለሀብቱ ሱቅ ነው።

በዚህ የተነሣ ልጁን ፋርማሲ የሚያስተምር ነጋዴ አለ። ማስተርስ ለማስተማር፣ ለፋብሪካና ለምርምር ይበጃል እንጂ ለችርቻሮ ፈቃድ አይጠየቅም። ልጁ ኋላ አሜሪካ ሊሠራ ካሰበ ግን የዲግሪው ርዝመት ይታያል፦ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 ወዲህ በውጭ አገር የተመረቀ ፋርማሲስት ለአቻነት ፈተናው ለመቀመጥ ቢያንስ የ5 ዓመት ትምህርት ይጠየቃል። ከዚያ ቀን በኋላ በቀድሞው የ4 ዓመት ዲግሪ የተመረቀ በዚህ በር አይገባም።