ለነቀዝ የተገዛው ክኒን ቤተሰብ እንዳይጎዳ

በምዕራብ ጎጃም በቆሎው ከማሳ ተሰብስቦ፣ ተፈልፍሎና በማዳበሪያ ተሞልቶ ቤት ከገባ በኋላም ገበሬው ሙሉ በሙሉ እፎይ አይልም። ከዝናብና ከወፍ የተረፈውን እህል ነቀዝ ይጠብቀዋል። በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬ ወይም በሰከላ ግሽ ዓባይ አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ነገሩን ያውቁታል። ማዳበሪያው ከጥቂት ወራት በኋላ ሲፈታ ፍሬው ተቦርቡሮ፣ ከሥሩ ዱቄት ተከማችቶ ይገኛል። የዓመት ድካም በዓይን እያዩት ይባክናል።

ታዲያ ብዙዎች ወደ ገበያ ወጥተው የነቀዝ ክኒን ይገዛሉ። ክኒኑ ብዙ ጊዜ ከነማሸጊያው አይሸጥም፤ በቁጥር ተቆጥሮ በላስቲክ ቁራጭ ይጠቀለላል። ገዢው ቤቱ ወስዶ በጨርቅ ቋጥሮ ማዳበሪያው ውስጥ ይከተዋል። ማዳበሪያው የተደረደረው ደግሞ ቤተሰቡ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ወይም ከመኝታው አጠገብ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ስለ አደጋው አልተናገረም፤ ጽሑፉና ሥዕሉ ያለበት ማሸጊያ ሱቅ ቀርቷል። የዛሬው ጽሑፋችን እዚያ ማሸጊያ ላይ የቀረውን መልእክት ለእርስዎ ለማድረስ ነው።

ክኒኑ ምንድን ነው?

የነቀዝ ክኒን ተብሎ በስፋት የሚሸጠው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለ ኬሚካል ነው። ፎስቶክሲን፣ ሴልፎስ እና በሌሎችም የንግድ ስሞች ይታወቃል። ነቀዙን የሚገድለው ግን ክኒኑ ራሱ አይደለም። ክኒኑ በአየር ውስጥና በእህሉ ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ገዳዩ ይህ ጋዝ ነው። በተለምዶ 3 ግራም የሚመዝነው አንድ ክኒን 1 ግራም ያህል ፎስፊን ያወጣል።

ፎስፊን ሰውነታችን ውስጥ ሲገባ ሕዋሳት በኦክስጅን ተጠቅመው ኃይል የሚያመነጩበትን ሥርዓት ያውካል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ኦክስጅኑም በደሙ ውስጥ አለ፤ ሕዋሱ ግን ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ ብዙ ኃይል የሚፈልጉት ልብ፣ ሳንባና አንጎል አስቀድመው ይጎዳሉ። ለዚህ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት የለም። ሐኪሞች የሚያደርጉት የልብን፣ የደም ግፊትንና የትንፋሽን ሥራ እየደገፉ ሰውነት ራሱን እስኪያገግም መርዳት ነው። ጥንቃቄው ከሕክምናው መቅደም ያለበትም ለዚህ ነው።

አደገኛነቱ እንዴት ይመደባል?

ዓለም ኬሚካሎችን በአደገኛነታቸው የሚመድብበት አንድ ወጥ ሥርዓት አለው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ደ ጄኔሮ ከተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የመነጨ ሲሆን፣ ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሞ ወጣ። ዓላማው ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ሥዕሉን አይቶ እንዲጠነቀቅ፣ አንድ ኬሚካልም በየአገሩ የተለያየ ትርጉም እንዳይሰጠው ማድረግ ነው።

ሥርዓቱ ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ኬሚካሉ ይቃጠላል ወይስ ይፈነዳል? ሁለተኛ፣ የሰውን ጤና ይጎዳል? ሦስተኛ፣ አካባቢን ይጎዳል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ደረጃ ይሰጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በትምህርት ቤት አንደኛ መውጣት ጥሩ ነው፤ በዚህ ምደባ ግን ደረጃ 1 ማለት ከሁሉ የከፋው ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን አደጋው ይበረታል።

አሉሚኒየም ፎስፋይድ በሦስቱም ጥያቄዎች ይወድቃል። ከውኃ ጋር ሲገናኝ ተቀጣጣይ ጋዝ በመልቀቅ ደረጃ 1 ነው። በትንፋሽ ሲገባ በመርዛማነት ደረጃ 1፣ ሲዋጥ ደረጃ 2፣ በቆዳ በኩል ደግሞ ደረጃ 3 ተሰጥቶታል። በውኃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታትም በደረጃ 1 እጅግ መርዛማ ነው። ስለሆነም ማሸጊያው ላይ ሦስት ሥዕሎችን ያገኛሉ፤ የራስ ቅል ከተጠላለፉ አጥንቶች ጋር፣ የእሳት ነበልባል፣ እንዲሁም የሞተ ዓሣና የደረቀ ዛፍ። ሥዕሎቹ በቀይ መስመር በተከበበ ባለ አራት ማዕዘን ውስጥ ይቀመጣሉ። ከሥራቸው «አደጋ» የሚል ቃል ይጻፋል። «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቃል ቀለል ላሉት ኬሚካሎች የሚውል ነው።

የቀለም መስመሩስ?

በፀረ-ተባይ ዕቃዎች ግርጌ የቀለም መስመር አይተው ይሆናል። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ከሚጠቀምበት ምደባ ጋር የተያያዘ ነው። ምደባው በዋናነት የሚመሠረተው ከሙከራ አይጦች ግማሹን በሚገድለው መጠን ላይ ነው። በአይጡ ክብደት በአንድ ኪሎ ግራም እስከ 50 ሚሊ ግራም ድረስ የሚገድሉት እጅግ አደገኛና በጣም አደገኛ ተብለው ቀይ መስመር ይሰጣቸዋል። ከ50 እስከ 2000 ሚሊ ግራም ያሉት መካከለኛ ናቸው፤ ቢጫ ይሰጣቸዋል። ከ2000 በላይ የሆኑት አነስተኛ አደጋ ያላቸው ሲሆኑ ሰማያዊ፣ ከ5000 ጀምሮ ያሉት ደግሞ አረንጓዴ መስመር አላቸው። ለምሳሌ ጤፍ ላይ ለአረም የሚረጨው ቱፎርዲ ከመካከለኞቹ፣ ማላታይን ከአነስተኞቹ ይመደባሉ። አረንጓዴ ማለትም ቢሆን «ይጠጣ» ማለት አይደለም።

የነቀዝ ክኒኑን ግን በዚህ ደረጃ ውስጥ ቢፈልጉት አያገኙትም። የዓለም ጤና ድርጅት ጋዝ ሆነው የሚሠሩ ኬሚካሎችን ደረጃ ሳይሰጥ ለብቻቸው ይዘረዝራቸዋል። ምክንያቱ የጋዝ ጉዳት በተዋጠ ሚሊ ግራም ሳይሆን በአየር ውስጥ ባለው መጠን ስለሚለካ ነው። ስለዚህ «ደረጃ አልተሰጠውም» የሚለውን «አደጋ የለውም» ብሎ መተርጎም ከባድ ስህተት ይሆናል።

አደገኛነትና ስጋት ለየቅል ናቸው

ጅብ ምንጊዜም ጅብ ነው። ከአጥሩ ውጭ ሲጮህ ቢሰማም በሩ ከተዘጋ ቤተሰቡ ይተኛል፤ በሩ ክፍት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጅቡ ተፈጥሮ አደገኛነት ነው፤ የበሩ መከፈት ስጋት ነው። ምደባው የሚነግርዎ የጅቡን ተፈጥሮ ነው። በሩን መዝጋት የእርስዎ ድርሻ ነው።

እስቲ አንድ ስሌት እንሥራ። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል አለዎት እንበል። ክፍሉ 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ከአንድ ክኒን የሚወጣው 1 ግራም ጋዝ በሙሉ በዚህ ክፍል ቢሰራጭ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 25 ሚሊ ግራም ይደርሳል። አሜሪካን በመሳሰሉ አገሮች አንድ ሠራተኛ በቀን ለ8 ሰዓት እንዲተነፍሰው የሚፈቀደው ከፍተኛ አማካይ መጠን 0 ነጥብ 4 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ክኒን ብቻ የክፍሉን አየር ከዚህ ወሰን ከ60 እጥፍ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። በእርግጥ ጋዙ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፤ ከፊሉም በቀዳዳ ያመልጣል። ነገር ግን ሌሊት በርና መስኮት ተዘግቶ፣ አሥር ማዳበሪያ ተደርድሮ፣ በየማዳበሪያው ክኒን ተከቶ ሲተኛ ምን ሊፈጠር እንደሚችል ያስቡት። ሕፃናት ከክብደታቸው አንጻር ብዙ አየር ስለሚተነፍሱ የበለጠ ይጎዳሉ።

ጋዙ በተሸመነ ማዳበሪያ፣ በኮርኒስና በተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ በኩል ያልፋል። ከእህል መጋዘን ጋር ግድግዳ በሚጋራ ክፍል የሚተኛም ሰው ከአደጋው አያመልጥም። «ሽታው ያስታውቀኛል» ብለውም አይመኑ። ጋዙ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ ሸተተ ዓሣ ይሸታል፤ ሆኖም ሳይሸት ጎጂ መጠን ላይ ሊደርስ ይችላል። በኮሮና ጊዜ የተለመደው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛም ጋዙን አያስቀረውም።

ምልክቶቹ

ጋዙን የተነፈሰ ሰው ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ሳል፣ የደረት መጨናነቅና ከፍተኛ ድካም ሊሰማው ይችላል። ሲብስ የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መዛባት፣ የደም ግፊት መውረድና ራስን መሳት ይከተላሉ። ችግሩ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች የምግብ መመረዝን፣ ታይፎይድን ወይም ምች የሚባለውን መምሰላቸው ነው። እህል በተቀመጠበት ቤት ያደሩ ሁለትና ሦስት ሰዎች ጠዋት አንድ ላይ ከታመሙ መጀመሪያ ክኒኑን ይጠርጥሩ። አንዳንድ ጊዜ በሳንባ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም የሚታየው ከአንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ «ተሽሎኛል» ያለም ሰው መመርመር አለበት።

አደጋ ከደረሰ ምን ያድርጉ?

የተጎዳውን ሰው በፍጥነት ወደ ንጹሕ አየር ያውጡ። በርና መስኮት ይከፈት፤ ነገር ግን ጋዝ ወደ ሞላበት ክፍል ገብተው አይቆዩ፤ አዳኙ ሁለተኛ ተጎጂ የሆነበት አጋጣሚ አለ። ዱቄቱ በልብሱ ላይ ካለ ልብሱን አውልቀው ውጭ ያስቀምጡ። ቆዳው ላይ ያለውን ዱቄት መጀመሪያ በደረቁ ያራግፉ፤ ከዚያ በብዙ ውኃና በሳሙና ያጥቡ።

ክኒኑ ተውጦ ከሆነ ውኃ አያጠጡ፤ ወተትም ሆነ ሌላ ነገር አይስጡ፤ እንዲያስታውክም አያስገድዱ። ውኃው ጋዙን የበለጠ ያስወጣዋል። የአገራችን ሰው በደግነት «ወተት አጠጡት» ሲል ጊዜም ያባክናል፤ ጉዳትም ይጨምራል። በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ወዲያው ይውሰዱት፤ የመኪናው መስኮት ክፍት ይሁን። ማሸጊያውን ወይም ፎቶውን ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ።

ሰውየው ክኒኑን የወሰደው ሆን ብሎ ቢሆንም እርዳታው አንድ ነው። ወቀሳና ምርመራ ይቆይ፤ መጀመሪያ ሕይወት ይትረፍ። ከዳነ በኋላ የሚሰማው ሰውና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልገዋል። በቤትዎ የተጨነቀ ወይም ተስፋ የቆረጠ ሰው ካለ ደግሞ ክኒኑ ጭራሽ ቤት ውስጥ አይኑር።

በሩን እንዴት እንዝጋ?

የመጀመሪያው ምክር፣ ሰው በሚኖርበት ቤት ይህን ክኒን አለመጠቀም ነው። የሠለጠነ ሰው፣ አየር በማያስወጣ ሸራ በተሸፈነና ከመኖሪያ በራቀ መጋዘን ሊጠቀምበት የሚገባ ኬሚካል ነው። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ-ተባይ ተመዝግቦና መለያ ጽሑፍ ኖሮት እንዲሸጥ ያዛል። በቁጥር ተቆጥሮ በላስቲክ የሚሸጥ ክኒን ይህን መለያ ተነጥቋል። ማስጠንቀቂያውን ያልያዘ ክኒን አይግዙ።

ሁለተኛ፣ አማራጭ አለ። ፒክስ በሚል ስም የሚታወቀው ከረጢት ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከውጭ የተሸመነ ማዳበሪያ አለው። በደንብ ሲታሰር አየር አያስገባም፤ ነቀዙ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ጨርሶ ይሞታል። ኬሚካል አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው እህሉ በደንብ መድረቁና ላስቲኩ አለመቀደዱ ብቻ ነው። ድርቀቱን ለማወቅ ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው ጨምረው በደንብ ይነቅንቁና 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ፀሐይ ላይ ይመልሱት።

ሦስተኛ፣ በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በፍኖተ ሰላም የእህል መጋዘኖች ወይም በጭነት መኪና ላይ የሚሠሩ ከሆነ የመጠየቅ መብት አለዎት። ለእያንዳንዱ አደገኛ ኬሚካል 16 ክፍሎች ያሉት የደኅንነት መረጃ ሰነድ ይዘጋጃል። ክፍል 2 አደገኛነቱን፣ ክፍል 4 የመጀመሪያ እርዳታውን፣ ክፍል 8 መከላከያ ልብሱንና መሣሪያውን ይናገራል። ኃላፊዎን «ሰነዱ የት አለ?» ብለው ይጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ከሥራ አደጋ እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። ሾፌሮችም በክኒን የታጠነ እህል ጭነው ጋቢና ውስጥ ከመተኛት ይቆጠቡ።

በመጨረሻም የሞተውን ዓሣ ሥዕል አይርሱ። ክኒኑ ሥራውን ሲጨርስ የሚቀረው አመድ መሰል ዱቄት ያልተቃጠለ መርዝ ሊኖረው ይችላል። ይህን ዱቄት ምንጭ አጠገብ ወይም ወንዝ ውስጥ አይጣሉ፤ ስለ አወጋገዱ የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ያማክሩ። ከግሽ ዓባይ የሚፈልቀው ውኃ ጠበል ተብሎ የሚከበር ነው፤ የብርና የፈጣም ወንዞችም ወደዚያው ዓባይ ይገባሉ። ከታች ያለው ከብትና ሰው የሚጠጣው እርስዎ ከላይ የለቀቁትን ነው።

ዛሬ ማታ ከመተኛትዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። እህሉ የተቀመጠበትን ቦታ ይመልከቱ፤ ክኒን ያለበት ማዳበሪያ ከመኝታ ቤት ካለ በሩንና መስኮቱን ከፍተው ቤተሰቡን ሌላ ቦታ ያስተኙ። ጠዋት የግብርና ባለሙያውን ጠርተው ስለ ማዳበሪያው ይማከሩ። በቆሎ በሚቀጥለው ዓመትም ይበቅላል።