ጥቁሩ ሽቦ የት ይታሰራል?

አንባቢ ሆይ፤ መኪናዎ ውስጥ ተቀምጠው ራዲዮውን ሲከፍቱ በበሩ ውስጥ ያለው ስፒከር እንደ ተቀደደ ከበሮ ቢንኳኳ፥ በመጀመሪያ የሚመጣብዎ አሳብ «ትልቅ ስፒከር ልግዛ» የሚል እንደ ሆነ አልጠራጠርም። አሳቡ ክፉ አይደለም። የፋብሪካው ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ከወረቀት የተሠራ ስለ ሆነ በእርጥበትና በፀሐይ ብዛት ይሰነጠቃል። ነገር ግን ስፒከሩን ከመግዛት በፊት ሽቦውን ማወቅ ይቀድማል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያረጀ ቶዮታ ኮሮላ አለው። ከደመወዙ ቆጥቦ ሁለት አዳዲስ ስፒከሮች ገዛ። የገጠመለትም ሰው ሽቦ ለመቆጠብ ሲል የሁለቱንም ጥቁር ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር አሰረው። ራዲዮው አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ፤ እስከ ዛሬም ዝም እንዳለ ነው።

ሰውዬው ሞኝ አልነበረም፤ ሙያውን የተማረው ከአሮጌ መኪና ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተሠሩት በብዙዎቹ መኪናዎች የስፒከሩ አንደኛው ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር ይታሰር ነበር። የዛሬው ራዲዮ ግን ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት ማጉያ አለው፤ አንዱ ሲገፋ ሁለተኛው ይስባል። ስለዚህ ጥቁሩም ሽቦ ባዶ አይደለም፤ ራዲዮው ሲከፈት የባትሪውን ግማሽ፥ ማለት 6 ወይም 7 ቮልት ያህል ይዞ ይቆያል። እሱን ከብረት ጋር ማሰር በገዛ እጅ ኮንታክት መፍጠር ነው።

በሳጥኑ ላይ «50 ዋት» ተብሎ በትልቁ የተጻፈውንም እንዳያምኑ። ሞተሩ ሲሠራ የሚገኘው 14.4 ቮልት በራሱ ተባዝቶ፥ የ4 ኦም ስፒከር እጥፍ ለሆነው ለ8 ሲካፈል 26 እንኳ አይሞላም፤ ጣሪያው ይኸው ነው። የሒሳብ ተማሪ በእርሳስ የሚደርስበትን ነጋዴው በቀለም ይሸፍነዋል። ኦሙን ግን አጥብቀው ይጠይቁ። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን በአንድ መስመር ቢታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ራዲዮው እጥፍ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፥ ይግላል። ቴስተር በባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ ከ4 ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢያሳይ አይደንግጡ፤ ልማዱ ነው።

ወደ ሥራው ሲገቡ የባትሪውን ነጋቲቭ ይፍቱ፤ ብጫ መሰኪያ ቢያገኙ አይንኩት፥ የአደጋ መከላከያው ከረጢት ሽቦ ሊሆን ይችላልና። መስተዋቱን አስቀድመው ዝቅ አድርገው ጥልቀቱን ይለኩ፤ የስፒከሩ ማግኔት ረዝሞ መስተዋቱን የሚነካበት ጊዜ አለ። ከበሩ ልባስ በስተ ኋላ ያለውን ላስቲክ አይቅደዱ፤ ዝናቡን የሚመልሰው እሱ ነው። የፋብሪካውን መሰኪያ ከመቁረጥ ተስማሚ መጋጠሚያ ፈልጎ መግዛት ይሻላል።

ፖዘቲቩን ከነጋቲቩ ለመለየት ስፒከሩን ከራዲዮው ይንቀሉና 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ያስነኩት። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከገፋ፥ የድንጋዩን ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው። ሁለቱ በሮች ካልተስማሙ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበዋል፤ ወፍራሙም ድምፅ ይጠፋል። ሁሉን ገጥመው ሲጨርሱ የራዲዮውን ሚዛን ከመካከል ወደ አንድ ወገን ያዙሩት፤ ወፍራሙ ድምፅ በዚያን ጊዜ ከጨመረ አንደኛው ተገልብጦ ታስሯልና በሩን እንደ ገና ይክፈቱ።