የቶም ተጫዋች መታሰቢያ፦ ቅርስም መብትም ነው

በጋምቤላ ክልል የአኝዋ ብሔረሰብ የሚታወቅበት ቶም፣ በእንጨት አካሉ ላይ የተደረደሩትን ልሳኖች በአውራ ጣት በመምታት የሚጫወቱት የሙዚቃ መሣሪያ ነው።

ዜማው በጆሮ የሚወረስ በመሆኑ፣ ተጫዋቹ ሲሞት ጓደኞቹ ተሰባስበው ሥራዎቹን መጫወታቸው ሐዘንን ከመግለጽ ባሻገር ቅርስን ይታደጋል። አንዱ የዘነጋውን ሌላው ያስታውሳልና ጨዋታው በዕለቱ ሊቀረጽ ይገባል።

ሟቹ ራሱ የደረሳቸው ዜማዎች ለሕዝብ ሲቀርቡ ግን የወራሾች መብት ይነሣል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል።

ስለሆነም የባህል ጽሕፈት ቤቶች መታሰቢያውን ሲያስተባብሩ የወራሾችን ፈቃድ በጽሑፍ ቢይዙና የቀረጻውን ቅጂ ቢያኖሩ፣ ቤተሰቡም መጪው ትውልድም ተጠቃሚ ይሆናሉ።