አንድ ኮምፒውተር፣ ሦስት ሊኑክስ

ኮምፒውተሩ እንደበራ፣ ዴስክቶፑ ከመምጣቱ በፊት፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አጭር ዝርዝር ይወጣል፦ ዴቢያን፣ ፌዶራ፣ ኡቡንቱ። ከሥሩ ሰከንዱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። በቀስት ቁልፍ አንዱን መርጠው ኢንተር ሲጫኑ የመረጡት ይነሣል፤ ሁለቱ ሳይነኩ ዲስኩ ላይ ይቆያሉ። ሳይመርጡ ሰዓቱ ካለቀ ቀድሞ የተመደበው በራሱ ይነሣል። አንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ሊኑክስ መጫን ማለት ይኸው ነው። ሥራው ሲያምርም ሲበላሽም ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ የግሉና የጋራው አስቀድሞ መለየቱ ወይም አለመለየቱ።

ለምን ከአንድ በላይ? ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው የሊኑክስን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ብቻ ነው። ከርነሉን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አሰናድቶ ለተጠቃሚ ማቅረቡን ሌሎች በየፊናቸው ያዙት። በ1993 የተጀመረው ዴቢያን ከአዲስነት መረጋጋትን ያስቀድማል። በ2003 የመጣው ፌዶራ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል አዲስ እትም ያወጣል። የ2004ቱ ኡቡንቱ ደግሞ መሠረቱን ዴቢያን ላይ አድርጎ ለጀማሪ እንዲቀል የተሰናዳ ነው። ሰርቨር ማስተዳደር የሚማር ሰው፣ የጻፈው ፕሮግራም በሁሉም ላይ መሥራቱን የሚፈትሽ ባለሙያ ሦስቱንም ይፈልጋቸዋል። አንዱን ስርዓት በሌላው ውስጥ የሚያስነሣው ቨርቹዋል ማሽን አንድ አማራጭ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት በሆነ ላፕቶፕ ላይ ግን ሁለት ስርዓት ባንድ ጊዜ ማስነሣት ሁለቱንም ያንቀራፍፋል። በየተራ ሲነሡ ተረኛው ራሙንም ፕሮሰሰሩንም ሙሉውን ያገኛል።

ዝርዝሩን የሚያቀርበው ግራብ የተባለው ቡትሎደር ነው። ኤሪክ ቦሊን በ1995 የጻፈው ኸርድ የተባለውን የግኑ ስርዓት ለማስነሣት ሲሞክር ነበር፤ በ1999 የግኑ ፕሮጀክት ተረከበው። ከዚያ በፊት በሊኑክስ ዘንድ የተለመደው ሊሎ ነበር። ሊሎ ከርነሉ ዲስኩ ላይ ያረፈበትን ቦታ መዝግቦ ስለሚይዝ፣ ከርነል በተቀየረ ቁጥር የመመዝገቢያው ትእዛዝ ካልተደገመለት ኮምፒውተሩ ላይነሣ ይችላል። ግራብ ግን የፋይል ስርዓቱን ራሱ አንብቦ ከርነሉን በስሙ ፈልጎ ያገኛል።

በድሮው የባዮስ አሠራር የማስነሻው መጀመሪያ የዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ነው። ከዚያ ላይ 64ቱን ዲስኩ የተከፈለባቸው ክፋዮች ሰንጠረዥ፣ 2ቱን ማረጋገጫው ምልክት ይወስዱታል። የቀረው 446 ባይት ለአንድ ቡትሎደር እንኳ ስለማይበቃ፣ ኋላ የተጫነው ስርዓት የቀደመውን ደምስሶ የራሱን ይጽፍበት ነበር። ባዮስን በተካው በዩኢኤፍአይ በሚሠሩ ኮምፒውተሮች ግን ለማስነሻ ራሱን የቻለ ክፋይ አለ፤ እያንዳንዱ ስርዓት እዚያ በስሙ ፎልደር ይከፍታል። ጥንቃቄ የሚሻው ሁለት የኡቡንቱ እትም ለሚጭን ሰው ነው፤ ሁለቱም ያንኑ ፎልደር ስለሚጠቀሙ የኋለኛው የፊተኛውን ይሽራል።

አሁን 500 ጊጋባይት ዲስክ ይዘን ድርሻ እንመድብ። ለማስነሻው ክፋይ 1 ጊጋባይት፣ ለሦስቱ ስርዓቶች ለእያንዳንዳቸው 50፣ ራሙ ሲሞላ ለሚያግዘው ለስዋፕ 8፤ የቀረው 340 ያህል ለሰነድ፣ ለፎቶና ለፕሮጀክት ይሁን። ሦስቱ አንድ ግቢ እንደሚጋሩ ተከራዮች ናቸው፤ ክፍላቸው የግል፣ በሩና ጓሮው የጋራ። ባክአፕ ሳይያዝ ግን ክፋይ አይነካም።

ሁለተኛውን ስርዓት ሲጭኑ ኢንስቶለሩ የትኛው ክፋይ ፎርማት እንደሚደረግ ይጠይቃል። ምልክቱ የሚደረገው በአዲሱ ስርዓት 50 ጊጋባይት ላይ ብቻ ነው። የማስነሻው ክፋይ ፎርማት ከተደረገ የፊተኛው ስርዓት ቡትሎደር ይጠፋል። የስዋፑ ስሕተት ደግሞ ወዲያው አይታይም። ስዋፑ እንደገና ፎርማት ሲደረግ መለያ ቁጥሩ ይቀየራል፤ የፊተኛው ስርዓት በአሮጌው ቁጥር ሲፈልገው ያጣዋል፤ በተነሣ ቁጥር 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይጠብቃል። መድኃኒቱ አዲሱን ቁጥር ኤፍስታብ የተባለው ፋይል ውስጥ መጻፍ ነው። ስዋፕ የሚጋሩ ስርዓቶችን ሃይበርኔት ማድረግም አይገባም፤ አንዱ እዚያ ያስቀመጠውን ሌላው ሲነሣ ያጠፋበታል።

የጋራው የሰነድ ክፋይም የራሱ ሕግ አለው። ሊኑክስ ፋይል የማን መሆኑን የሚመዘግበው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ሦስቱም ስርዓቶች ለመጀመሪያው ተጠቃሚ 1000 ቁጥርን ስለሚሰጡ፣ ዴቢያን ላይ የተጻፈ ሰነድ ፌዶራ ላይ ያለ ችግር ይከፈታል። የሆም ፎልደሩን ራሱን ማጋራት ግን አይመከርም፤ የአዲሱ እትም ፕሮግራም የቀየረውን ሴቲንግ አሮጌው ላያውቀው ይችላል።

የመጨረሻው ጥያቄ የዝርዝሩ ባለቤት ማን ይሁን የሚለው ነው። ዴቢያን ነው እንበል። ሌሎቹን ፈልጎ የሚመዘግብለት ኦኤስ-ፕሮበር የሚባል ፕሮግራም ነው፤ በ2021 ከወጣው የግራብ 2.06 ወዲህ ለደኅንነት ሲባል ተዘግቶ ስለሚመጣ፣ የግራብ ሴቲንግ ፋይል ውስጥ መክፈት ያስፈልጋል። ፌዶራ ከርነሉን ሲያድስ ዴቢያን አያውቅም፤ ዝርዝሩ ላይ የቆየው አሮጌው ነው። ፌዶራ ደግሞ እንደ ልማዱ የሚያቆየው የመጨረሻዎቹን ሦስት ከርነሎች ብቻ ስለሆነ፣ ውሎ አድሮ ዝርዝሩ የሌለ ፋይል ይጠራል። ስለዚህ ሌሎቹ ከርነል ባደሱ ቁጥር ዴቢያን ላይ ገብቶ የአፕዴት-ግራብን ትእዛዝ መስጠት ግድ ነው።

ድንበሩ እንዲህ ከተለየ በኋላ ሙከራ አያስፈራም። ኡቡንቱ ካልተስማማዎት 50 ጊጋባይቱን ፎርማት አድርገው ሌላ ይጭኑበታል። ሰነድዎ ባለበት አለ፤ የቀሩት ሁለቱ ስርዓቶችም እንደወትሮው ይነሣሉ። ማጥፋት የፈለጉት ባለዝርዝሩን ዴቢያንን ከሆነ ግን፣ አስቀድመው ዝርዝሩን ለሌላው ያስረክቡ።