የሶፍትዌር መዝገብ ሲታረም ኪሳራው የማን ነው?

ሶፍትዌር የሚያሠራ ነጋዴ የሚከፍለው በስክሪን ላይ ለሚያየው ብቻ አይደለም። ከጀርባው ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ የሚያሳይ መዝገብ አለ። መዝገቡ በአብዛኛው የሚያዘው ጊት በተባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው የሊነክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው።

በጊት አንዱ ምዝገባ «ኮሚት» ይባላል። የኮሚቱ መለያ ቁጥር የሚሰላው ከይዘቱና ከእርሱ በፊት ካለው ኮሚት መለያ ጭምር ነው። በመሆኑም በመሐል ያለ አንድ ኮሚት ከተነካ ከእርሱ ወዲህ ያሉት ሁሉ ቁጥራቸው ይለወጣል። ከደረሰኝ ጥራዝ መሐል አንዱን ቅጠል ለውጦ ቀጣዮቹን በሙሉ እንደገና እንደ ማሳተም ማለት ነው።

ፕሮግራመሮች ይህን የሚያደርጉት ለማጭበርበር አይደለም። ከዋናው መዝገብ በተለየ የሥራ ቅርንጫፍ ላይ፣ አሥር የተዝረከረኩ ኮሚቶችን «ሪቤዝ» በሚባለው ትእዛዝ ወደ ሁለት ይጠቀልላሉ። ቅርንጫፉ ከእጃቸው እስካልወጣ ድረስ የሚጎዳ የለም። ችግሩ የሚመጣው ባልደረባ ያንኑ ቅርንጫፍ ወስዶ ሥራ ከጀመረበት በኋላ ነው። የታረመውን ወደ ጋራ ማከማቻው ለመላክ «ፎርስ ፑሽ» ያስፈልጋል፤ እርሱ ደግሞ እዚያ ያገኘውን ሳይጠይቅ ይተካል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 በጄንኪንስ ፕሮጀክት አንድ ፕሮግራመር በስህተት ባደረገው ፎርስ ፑሽ 186 ማከማቻዎች ተነክተዋል። ሥራው በኋላ ተመልሷል።

ጥንቃቄው ወጪ የለውም። ከሪቤዝ በፊት መጠባበቂያ ቅርንጫፍ ማውጣት የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ሲላክም «ፎርስ ዊዝ ሊዝ» ከተባለ፣ ላኪው ሳያየው ሌላ ሰው የጨመረው ሥራ ካለ ትእዛዙ ውድቅ ይሆናል። (ከማከማቻው አዲሱን በራሱ የሚያመጣ ፕሮግራም ከተከፈተ ግን ይህም ይታለላል።) ከቅርንጫፉ የወጣ ኮሚትም ወዲያው አይጠፋም፤ በፕሮግራመሩ ኮምፒውተር ላይ ያለው «ሪፍሎግ»፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ፣ ለ30 ቀናት ዱካውን ያቆያል።

ዋናው ቅርንጫፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ስህተት ከገባ ሒሳብ ሠራተኛ እንደሚያደርገው ተቃራኒ ምዝገባ ይሠራለታል እንጂ አይፋቅም፤ ትእዛዙ «ሪቨርት» ይባላል። የባንክ ሒሳብ የይለፍ ቃል ተመዝግቦ ከተላከ ግን መፋቁም ብቻውን አያድንም፤ ቅጂው በሌሎች እጅ ሊኖር ስለሚችል በቅድሚያ ቃሉ ራሱ መቀየር አለበት።

በሶፍትዌር ኩባንያ ድርሻ ለመግዛት የሚደራደር ባለሀብት ዋናው ቅርንጫፍ ለፎርስ ፑሽ መዘጋቱን ከፊርማ በፊት ማስመርመር ይኖርበታል። ጊትሃብም ጊትላብም ይህ መቆለፊያ አላቸው። መቆለፊያውን የማንሳት ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነም በስም ይጠየቃል።