ለረጅም ርቀት ልምምድ የሚደረግ ዝግጅት

የማራቶን ሩጫ ርዝመት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ተመልካች የሯጩን ድካም የሚለካው በውድድሩ ዕለት በሚያየው በዚህ ርቀት ነው። ይሁን እንጂ ታላላቆቹ የማራቶን ሯጮች ለውድድር በሚዘጋጁበት ወቅት በአንድ ሳምንት ውስጥ 160፣ አንዳንዶቹም 200 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣሉ። 160 ኪሎ ሜትር ማለት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዝዋይ፣ በዛሬ ስሟ ባቱ፣ እስከ መድረስ የሚሆን መንገድ ነው። ይህን ያህል ርቀት በየሳምንቱ የሚችል ሰውነት በአንድ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ከልምምዱ በፊት ለልምምዱ ራሱ መዘጋጀት ያስፈልጋል። ይህ ዝግጅት ምን እንደሆነና ብዙ ወራትን የሚወስደው ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች እንመለከታለን።

በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር የመሮጥን ዘዴ ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ የኒውዚላንዱ አሠልጣኝ አርተር ሊዲያርድ ነበር። ሊዲያርድ በጫማ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ሰው ሲሆን፣ ሯጭ ምን ያህል ርቀት መልመድ እንደሚገባው ለማወቅ ለብዙ ዓመታት በራሱ ሰውነት ላይ ሞክሯል። የደረሰበትም መደምደሚያ፣ ሯጭ የፍጥነት ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ለብዙ ሳምንታት ረጅም ርቀት በመጠነኛ ፍጥነት እየሮጠ መሠረቱን ማጽናት አለበት የሚል ነው። ተማሪዎቹም በሮም ኦሊምፒክ ውጤቱን አሳዩ። ፒተር ስኔል በ800 ሜትር፣ መሪ ሃልበርግ ደግሞ በ5000 ሜትር አሸነፉ። በዚያው ኦሊምፒክ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ ሦስተኛ የወጣው ባሪ ማጊም የሊዲያርድ ተማሪ ነበር።

የአበበ ድልም ቢሆን ዓለም እንደ መሰለው በድንገት የመጣ አልነበረም። በዚያን ጊዜ አበበ 28 ዓመት ሆኖት ነበር። በሸዋ ገጠር ከብት እየጠበቀ አድጎ፣ በኋላም በክብር ዘበኛ ውስጥ በወታደርነት ሲያገለግልና በኦኒ ኒስካነን አሠልጣኝነት ሲለማመድ እግሮቹ ለዓመታት ተዘጋጅተዋል። በሮም የታየው ፍሬው ነው፤ ሥሩ ግን ቀድሞ የተተከለ ነበር።

ሰውነት ለሩጫ ሲለማመድ ሁሉም ክፍሎቹ በእኩል ፍጥነት አይጠነክሩም። በመጀመሪያ የሚለወጡት ደምና ልብ ናቸው። ልምምድ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የደሙ መጠን ይጨምራል፤ ልብም በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይበዛል። ቀጥሎም በጡንቻ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበረክታሉ። በዚህ ምክንያት ጀማሪው ሯጭ ሁለት ወር ሳይሞላው በቀላሉ መተንፈስ ስለሚጀምር ራሱን እንደ ጠነከረ ሰው ይቆጥራል።

አጥንትና ጅማት ግን ወደ ኋላ የሚቀሩ ናቸው። አጥንት የሚታደሰው ያረጀው ክፍል መጀመሪያ ተፍቆ ከወጣ በኋላ በቦታው አዲስ ሲተካበት ነው። ይህም ወራትን ይፈጃል። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እስኪጸና ድረስ ባለው ጊዜ አጥንቱ ከቀድሞው ይልቅ ይደክማል። በሶምሶማ የሚሮጥ ሰው በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 1000 ጊዜ ያህል እግሩን ያሳርፋል። እግሩ መሬት በነካ ቁጥርም የሰውነቱን ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚያህል ጫና ያርፍበታል። በ160 ኪሎ ሜትር ይህ 160,000 ጊዜ ያህል ይደጋገማል ማለት ነው። እንግዲህ ትንፋሹ ፈቅዶለት አጥንቱ ያልፈቀደለት ሯጭ ርቀቱን በድንገት ቢያበዛ፣ በቅልጥሙ ወይም ከእግሩ ጣቶች ከፍ ብለው ባሉት አጥንቶች ላይ ስንጥቅ ሊወጣበት ይችላል። የተሰነጠቀ አጥንት ደግሞ ሯጩን ለብዙ ሳምንታት ከልምምድ ያስቀረዋል።

የአገራችን ገበሬ ይህን ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ወይፈኑን ለእርሻ ሲያለማምድ በመጀመሪያው ቀን ከጧት እስከ ማታ አያርስበትም። ከለመደ በሬ ጋር አጣምዶ፣ ለስላሳ መሬት መርጦ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ያስኬደዋል። ወይፈኑ ጉልበት አጥቶ አይደለም፤ ጫንቃው ቀንበር ስላልለመደ ነው።

እግር የማይችለውን ልብ በጀግንነት ሊሞላው እንደማይችል የሜክሲኮ ኦሊምፒክ አሳይቷል። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በተደረገው ማራቶን፣ ቀደም ሲል በሮምና በቶኪዮ ሁለት ጊዜ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በእግሩ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት ሩጫውን ሳያጋምስ አቋረጠ። ድሉን ለኢትዮጵያ ያስገኘው ማሞ ወልዴ ነበር። ማሞ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ የተወዳደረው በ800ና በ1500 ሜትር ነበር። ከእነዚህ አጫጭር ርቀቶች ተነሥቶ በ36 ዓመቱ የማራቶን ባለድል እስኪሆን ድረስ 12 ዓመታት አልፈዋል። በቅርብ ዘመንም ትዕግሥት አሰፋ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ በ800 ሜትር ሮጣ ነበር። በበርሊን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ በመግባት በዚያን ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን የሆነውን ውጤት ያስመዘገበችው ግን በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። ከአጭር ርቀት ወደ ረጅም የተሻገሩት እነዚህ ሯጮች ሁለቱም ጊዜ ወስደዋል።

ታዲያ ዝግጅቱ በምን ቅደም ተከተል ይፈጸማል? በመጀመሪያ፣ ለሦስት ወር ያህል በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን ሳያቋርጡ መሮጥን መልመድ ነው። ፍጥነቱም ከጓደኛ ጋር እየተነጋገሩ ለመሮጥ የሚያስችል ይሁን። ንግግር የሚያቋርጥ ፍጥነት ለዚህ ጊዜ አይሆንም። ከተቻለ በሣር ወይም በአፈር ላይ መሮጥ ይመረጣል። በእንጦጦ ባሕር ዛፎች መካከል ሯጮች ተከታትለው በዝግታ ሲጠማዘዙ የሚታዩት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ተግባር ርቀቱን ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው። ለምሳሌ በሳምንት 40 ኪሎ ሜትር የለመደ ሯጭ በሁለተኛው ሳምንት 44፣ በሦስተኛው 48 ይሮጥና በአራተኛው ሳምንት ወደ 36 ዝቅ ይላል። አጥንትና ጅማት የሚታደሱት በዚህ የዕረፍት ሳምንት ነው። በአምስተኛው ሳምንት ከ48 ተነሥቶ ይቀጥላል። በዚህ አካሄድ በየአራት ሳምንቱ የሚጨመረው 8 ኪሎ ሜትር ነው። ከ40 ተነሥቶ 160 ለመድረስ 60 ሳምንታት ማለትም ከአንድ ዓመት በላይ ያስፈልጋል። ለአብዛኞቹ ሰዎች ግን ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ርቀት ይበቃቸዋል። በተለይ አጥንታቸው ገና በማደግ ላይ ያለ ተማሪዎች የታላላቆቹን ርቀት መቅዳት አይገባቸውም። ታላላቅ የከተማ ማራቶኖች አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን አይቀበሉም።

ሦስተኛው፣ ከባዱን ቀን በቀላል ቀን ማስከተል ነው። ረጅሙ ሩጫ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። የፍጥነት ልምምድና የርቀት ጭማሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ መገናኘት የለባቸውም፤ አንዱ ሲጨመር ሌላው ባለበት ይቆይ።

አራተኛው፣ ምግብና እንቅልፍ ነው። የሯጭ ዋናው ነዳጅ ከእንጀራ፣ ከዳቦ፣ ከድንችና ከበሶ የሚገኘው ኃይል ሰጪ ምግብ ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላልና ወተት ደግሞ የተጎዳውን ሰውነት ይጠግናሉ። ርቀት ሲጨመር ምግብም መጨመር አለበት። ከሚበላው በላይ የሚሮጥ ሰው አጥንቱ ይሳሳል። በሴቶች ላይ የወር አበባ መቋረጥ የዚህ ጉድለት ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይታፈር ለሐኪም መነገር አለበት። ወጣት ሯጭ በየሌሊቱ ከ8 ሰዓት ያላነሰ መተኛት ይገባዋል።

እስካሁን የተጠቀሰው ለማንኛውም ቦታ የሚሆን ነው። ይሁን እንጂ ዕቅድ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለአገሩ አየርም መስማማት አለበት። ይህን ለመረዳት አዲስ አበባንና ካርቱምን እናነጻጽር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። ከጣና የሚነሣው ዓባይ ቁልቁል ወርዶ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባት ካርቱም ግን 380 ሜትር ገደማ ብቻ ናት። አየሯ ስለማይሳሳ ትንፋሽ አያጥርም፤ ነገር ግን በግንቦት ወር የቀኑ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በእንዲህ ያለ ሙቀት ልብ ሁለት ሥራ ይደረብበታል። ለጡንቻ ከሚልከው ደም ሌላ፣ ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳም ብዙ ደም መላክ አለበት። ስለዚህ በእንጦጦ ቀላል የነበረው ፍጥነት በካርቱም ከባድ ይሆናል።

ከደጋ ወደ ካርቱም፣ ወይም በአገራችን ወደ መተማና ሑመራ የሚወርድ ሯጭ፣ ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ከ10 እስከ 14 ቀን ድረስ ርቀቱን መቀነስ ይኖርበታል። ከጎሕ መቅደድ በፊት መነሣት፣ ልምምዱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በደቂቃ መለካት፣ በላብ የወጣውን ውኃና ጨው መተካት ያስፈልገዋል። የአገሬው ሰው ሀቡብ የሚለው የአቧራ ማዕበል በተነሣ ቀን ከቤት አለመውጣት ይሻላል። በሙቀት ውስጥ የሚሮጥ ሰው ቢያዞረው፣ ቢደናገር ወይም ንግግሩ ቢዘበራረቅ፣ ወዲያው ወደ ጥላ ተወስዶ በውኃ ሊቀዘቅዝና ሐኪም ዘንድ ሊደርስ ይገባል። በተቃራኒው ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሯጭም አየሩ ስለሚሳሳበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ አለበት።

በመጨረሻም ሯጩ ሕመምን ከድካም መለየት መማር አለበት። በሁለቱም እግሮች ጡንቻ ላይ ተሰምቶ በሁለት ወይም በሦስት ቀን የሚጠፋው የልምምድ ድካም ነው። በአንድ ጣት ሊጠቆም በሚችል የአጥንት ቦታ ላይ የሚሰማና በየቀኑ የሚብስ ግን የጉዳት ምልክት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ መቻል ሳይሆን ማቆምና መታየት ነው። የየቀኑን ርቀት፣ የእንቅልፉን መጠንና የተሰማውን ስሜት በደብተር የሚመዘግብ ሯጭ እንዲህ ያለውን ምልክት በጊዜው ያገኘዋል። ዝግጅቱ የሠመረለት ሯጭም የሚታወቀው ብዙ ኪሎ ሜትር በሮጠበት ሳምንት አይደለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ሕመም ወደ ልምምዱ በተመለሰ ጊዜ ነው።