ፉርኖ፦ የምድጃው ስም ዳቦው ላይ ሲቀር

ጎንደር ፒያሳ ጠዋት ዳቦ ቤት ደጃፍ ቆሞ «አምስት ፉርኖ» የሚል ሰው አምስት ዳቦ ተቆጥሮ ይሰጠዋል። ጣሊያንኛ የሚያውቅ ቢሰማው ግን ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ሰውየው የጠየቀው አምስት ምድጃ ነዋ!

ጣሊያኖች «ፎርኖ» የሚሉት መጋገሪያ ምድጃውን ነው፤ ዳቦ ቤቱንም በዚያው ስም ይጠሩታል። ዳቦው «ፓኔ» ነው። የቃሉ ሥር የላቲኑ «ፉርኑስ» ሲሆን ዐረቦችም ምድጃውን «ፉርን» ይሉታል። ምድጃነቱን ትቶ ዳቦ የሆነው እኛ ዘንድ ነው።

የጣሊያን ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው። ከተማዋን የአማራ ግዛቱ መቀመጫ አድርጎ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ቆየባት፤ ፒያሳ እስከነስሙ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። የቃሉን አካሄድ መገመት አያስቸግርም። «የፉርኖ ዳቦ» ሲባል ሲባል «ዳቦ» የሚለው ከአፍ ይወድቃል፣ «ፉርኖ» ይቀራል።

ስሙ የቀረውም የጎንደር ደጋ የራሱ ዳቦ ስለነበረውና አዲሱ መለያ ስላስፈለገው ይመስለኛል። በዳባትም በደባርቅም ባለሙያዋ ሊጡን በእርሾ አቡክታ ኩፍ እስኪል ትጠብቃለች። ጥቁር አዝሙድ ጣል ታደርግበታለች። ከዚያ ምጣዱ ላይ ኮባ አንጥፋ ሊጡን ትገለብጥና በኮባው ትሸፍነዋለች፤ ከላይም ክዳን ደፍታ እሳት ትጭንበታለች። ከታች እሳት፣ ከላይ እሳት። ሲወጣ የኮባው ጅማት ጀርባው ላይ ታትሞ ይታያል፤ ሽታው ጎረቤት ይጠራል። ይህ ድፎ ነው። እንጀራ ይጋገራል፣ ድፎ ግን ይደፋል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ከመድፋቱ ነው። ሁለቱም ዳቦዎች እንግዲህ የተጠሩት በአበሳሰላቸው ነው፣ አንዱ በአገሬው ግስ፣ ሌላው በባዕድ ምድጃ።

ፉርኖ ትንሽ ነው፣ ነጭ ነው፣ ተገዝቶ ከሻይ ጋር ይበላል። ድፎ ለዓመት በዓል፣ ለክርስትና፣ ለማኅበር ይደፋል፤ ተባርኮ ይቆረሳል። አንድ ፉርኖ ይዞ ማኅበር የሚሄድ ሰው አላየሁም።

ቃሉ ዳቦው ላይም አላረፈም። ብጣሪው ወጥቶለት ነጭ ሆኖ ከፋብሪካ የሚመጣውን የስንዴ ዱቄት ገበያው «ፉርኖ ዱቄት» ይለዋል። አሁን አሁን የበዓሉ ድፎ ራሱ ብዙ ቤት በፉርኖ ዱቄት ይቦካል። የድሮ ባለሙያዎች ይህ እምብዛም አይጥማቸውም፤ ከወፍጮ የመጣ የስንዴ ዱቄት ካልገባበት ድፎው ሆድ አይሞላም ባይ ናቸው።